ለጉድጓዱ ከፍለናል፣ ካርታው የት አለ?

አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በመሬት ስብራት አጠገብ ነው። ምሳሌ እየተናገርኩ አይደለም። እቴጌ ጣይቱን ከእንጦጦ ብርድ ወደ ታች የሳባቸው ፍልውሃ ከጥልቅ ተሞቆ የሚወጣው ከርሰ ምድሩ በተሰበረበት በኩል ነው። የሥነ ምድር ባለሙያዎች ስብራቱን በስሙ ያውቁታል፤ የፍልውሃ ስብራት ይሉታል። ከ1879 ዓ.ም. ጀምሮ በውሃው ስንታጠብ፣ ስንታከምበት ኖረናል። ውሃውን የሰጠን መሬት ከሥር ምን እንደሚመስል ግን እንደ ከተማ የጠየቅነው በ2017 ዓ.ም. ነው። ያንንም ለጥቂት ሳምንታት ብቻ።

ታስታውሳላችሁ። መስከረም 26 ማታ አምፖሉ ተወዛወዘ፣ ከፎቅ የሚኖር ሰው ልጁን አቅፎ በደረጃ ወረደ። ታኅሣሥ 26 ሌሊት በሬክተር መለኪያ 5.8 ገደማ የሆነው መጣ፣ የካቲት 7 ደግሞ 6 የደረሰው። ማዕከሉ ከእኛ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ ነበር። እዚያ ያሉት ወገኖቻችን ቤታቸው ተሰነጠቀ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩት ቀያቸውን ለቀው ወጡ። እኛ አዲስ አበቤዎች በድንጋጤ ብቻ ተረፍን። ያን ሰሞን ታክሲ ውስጥም፣ ቡና ቤትም፣ ቢሮም ወሬው እሱ ነበር። ከዚያ መሬቱ ጸጥ አለ፣ እኛም ጸጥ አልን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ የእኛ ውሻ ጅቡ ሲሄድ ተኛ።

ያን ሰሞን የነበረው ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ «አዲስ አበባ ይደርሳል ወይ?» የተሰጠውም መልስ ያው ነበር፤ ሩቅ ነው፣ አትስጉ። መልሱ ሰው ለማረጋጋት ጥሩ ነው፣ ነገር ግን የተጠየቀውን ግማሽ ብቻ ይመልሳል። መንቀጥቀጥ ምን ያህል እንደሚጎዳ የሚወስነው ርቀቱ ብቻ አይደለም። ቤታችሁ የቆመበት መሬትም ይወስናል። ከአንድ ሰፈር ወደ ሌላ ሰፈር የሚለያየው እሱ ነው፣ አስቀድመን ልናውቀው የምንችለውም እሱ ነው።

ነገሩ ለመረዳት አይከብድም። ሳህን ላይ የረጋ እርጎ አስቀምጡና ሳህኑን ነካ አድርጉት። ሳህኑ ወዲያው ይቆማል፣ እርጎው ግን መንቀጥቀጡን ይቀጥላል። ከሩቅ የሚመጣ የመንቀጥቀጥ ሞገድ በጠንካራ ዓለት ውስጥ በፍጥነት ያልፋል፤ ልል አፈር ውስጥ ሲገባ ይዘገያል፣ ሲዘገይ ደግሞ ይገዝፋል። በዚያ ላይ እያንዳንዱ አፈር፣ እንደ ልስላሴውና እንደ ጥልቀቱ፣ የራሱ የመወዛወዝ ልክ አለው። ሕንፃም አለው። አጭሩ ቶሎ ቶሎ ይወዛወዛል፣ ረጅሙ ቀስ ብሎ። የአፈሩና የሕንፃው ልክ ከገጠመ፣ ዥዋዥዌ ላይ ያለን ልጅ በልኩ እየጠበቁ እንደመግፋት ነው፤ ትንሽ ትንሽ እየተገፋ ከፍ ይላል።

ይህን በሕይወት ዋጋ የተማረችው ከተማ ስሟን በየቀኑ የምንጠራው ናት። ሜክሲኮ አደባባይ ያልነው ጣሊያን ሲወረን ሜክሲኮ በመንግሥታቱ ማኅበር ስለቆመችልን ነው፤ እነሱም ኢትዮጵያ የሚባል የምድር ባቡር ጣቢያ አላቸው። እ.ኤ.አ. መስከረም 19 ቀን 1985 በሜክሲኮ የፓሲፊክ ጠረፍ 8 የደረሰ መንቀጥቀጥ ተነሣ። ዋና ከተማዋ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ነበር። «ሩቅ ነው፣ አትስጉ» የሚያስብል ርቀት ነው። ሆኖም ሜክሲኮ ሲቲ ትልቅ ክፍሏ የተሠራው አዝቴኮች ከተማቸውን የቆረቆሩበት ሐይቅ ደርቆ በቀረው ጭቃ ላይ ነው። ያ ጭቃ በሁለት ሴኮንድ አንዴ ያህል እየተወዛወዘ ሞገዱን አገዘፈው፤ ከሁሉ የከፋው ከስድስት እስከ አሥራ አምስት ፎቅ ያላቸው ሕንፃዎች ጉዳት ነበር። በሺዎች የሚቆጠር ሰው ሞተ። በዚያችው ከተማ፣ በዚያው ቀን፣ በምዕራብ በኩል በድንጋያማው ኮረብታ ላይ የቆሙት ሰፈሮች ብዙም ሳይጎዱ ዋሉ። ልዩነቱን ያመጣው የቆሙበት መሬት ነው።

አዲስ አበባ ሜክሲኮ ሲቲ ናት አላልኩም። ከሥራችን የእሳተ ገሞራ ዓለት አለ እንጂ የደረቀ ሐይቅ የለም። ከዓለቱ በላይ ግን ምን አለ? በምሥራቅና በደቡብ፣ ከቦሌ እስከ አቃቂ፣ ክረምት የሚያብጥ በጋ የሚሰነጠቅ ጥቁር አፈር አለ፤ አናጺውም ግንበኛውም ተራግሞበታል። በየወንዙ ዳርና ዳር ውሃ ያመጣው ደለል አለ። በሰው እጅ የተሞላ ገደልና የድንጋይ ማውጫ ጉድጓድ አለ፤ ፍርስራሽ ተደፍቶበት፣ ተደልድሎ፣ ዛሬ ቤት ቆሞበታል። የአፈሩ ውፍረት የት ሁለት ሜትር ነው፣ የት ሃያ? የትኛው ሰፈር ለሦስት ፎቅ ይከብዳል፣ የትኛው ለሃያ? የከርሰ ምድር ካርታ የሚባለው ለእነዚህ ጥያቄዎች ሰፈር በሰፈር መልስ የሚሰጥ ነገር ነው።

ካርታ የለንም አይባልም። የኢትዮጵያ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ አገሪቱን በ1፡250,000 ልኬት ሲያነሣ ኖሯል። ለማዕድንና ለውሃ ፍለጋ ትልቅ ሥራ ነው። በዚህ ልኬት ግን ካርታው ላይ ያለች አንዲት ሚሊ ሜትር መሬት ላይ 250 ሜትር ናት። የእናንተ ግቢ ከጎረቤት ጋር፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጋር፣ ከትምህርት ቤቱ ጋር ተደርቦ በእስክሪብቶ ጫፍ ይሸፈናል። በዩኒቨርሲቲው መደርደሪያም ተማሪዎች የከተማውን አፈር የለኩባቸው የመመረቂያ ጥናቶች አሉ። ተማሪው ተመርቋል፣ ጥናቱ ተጠርዟል፣ ሕንፃው ያለ እሱ ተሠርቷል።

ታሪካችንም ጸጥ ያለ አይደለም። ነሐሴ 19 ቀን 1898 ዓ.ም.፣ ከተማዋ ሃያ ዓመት እንኳ ሳይሞላት፣ በደቡብ በኩል በስምጥ ሸለቆው ውስጥ ከ6.5 በላይ የሆነ መንቀጥቀጥ ተነሥቶ አዲስ አበባን አስጨንቋታል። ያን ጊዜ ከተማዋ ጎጆና የጭቃ ቤት ነበረች፤ እንጨትና ጭቃ ደግሞ ሲናጥ ይተጣጠፋል። በ1953 ዓ.ም. በደሴ መንገድ ካራ ቆሬ (የከተማችን ካራ ቆሬ አይደለችም) ክፉኛ ተጎዳች፣ ማጀቴ ፈረሰች። ይህን ሁሉ ከነገሥታቱ ዜና መዋዕል፣ ከተጓዦች ማስታወሻና ከመሣሪያ ንባብ ለቅመው በ1979 እ.ኤ.አ. በአንድ መጽሐፍ ያስቀመጡልን ካናዳዊው ካህን ፒየር ጉዋን ናቸው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ያቋቋሙትም እሳቸው ናቸው።

ከዚያም ወዲህ ዕድል አግኝተን ነበር። የተባበሩት መንግሥታት በ1990ዎቹ መጨረሻ የከተሞችን የመንቀጥቀጥ አደጋ የሚመረምር ራዲየስ የተሰኘ ፕሮጀክት ሲያካሂድ ከመላው ዓለም ዘጠኝ ከተሞችን መረጠ። ኢዝሚር፣ ስኮፕዬ፣ ታሽከንት፣ ቲኋና ነበሩበት። ከአፍሪካ የተመረጠችው አንዲት ከተማ አዲስ አበባ ናት። ጥናቱ በ1999 እ.ኤ.አ. አለቀ። ያን ጊዜ የከተማዋ ረጃጅም ፎቆች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ዛሬ ከብሔራዊ ቴአትር እስከ ሜክሲኮ ያለውን የባንኮች ጫካ ተመልከቱ። ጥናቱ ከተማዋ ቁመቷን ከመጨመሯ በፊት በእጃችን ነበር፤ የከተማው ነዋሪ ከመቶ ስንቱ ስሙን ሰምቷል?

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። ካርታው የሌለን መሬቱ ስላልተቆፈረ አይደለም። በዚህች ከተማ ትልቅ ሕንፃ የሚሠራ ሰው ሶይል ቴስት ያስደርጋል። ማሽን ይመጣል፣ ጉድጓድ ይቆፈራል፣ በየሜትሩ የወጣው አፈር ሳጥን ውስጥ ይደረደራል፣ ላቦራቶሪ ይሄዳል። ጥቁሩ አፈር የት እንዳለቀ፣ ዓለቱ የት እንደጀመረ፣ ውሃው ስንት ሜትር ላይ እንደተገኘ በሪፖርት ይጻፋል። ባለቤቱ ይከፍላል። ሪፖርቱ ከፈቃድ ማመልከቻው ጋር ተያይዞ ፋይል ውስጥ ይገባል፣ ፋይሉም መደርደሪያ ላይ ይወጣል። በቀጣዩ ዓመት ከአጥሩ ማዶ ያለው ሰው ሲሠራ ያንኑ መሬት እንደ አዲስ ያስቆፍራል፣ ያንኑ ጥያቄ እንደ አዲስ ይጠይቃል፣ እንደ አዲስ ይከፍላል። በሺዎች የሚቆጠሩ ጉድጓዶች የአንዲት ከተማ የከርሰ ምድር ካርታ ማለት ነበሩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እኛ ወረቀቱን እንደያዝን ሞኝ ሆነን ቀረን።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ በኮሪደር ልማቱ መንገዱ ሁሉ ተከፈተ። ፒያሳ፣ አራት ኪሎ፣ ቦሌ፣ መገናኛ፤ ገመዱና ቧንቧው ከመሬት በታች እንዲገባ ከተማዋ ሆዷን ከፍታ ዋለች። ለሥነ ምድር ባለሙያ ከዚህ የበለጠ ሠርግ የለም። ያ ሁሉ ቦይ ተከፍቶ ሳለ የአፈሩን ንብርብር ማን መዘገበ? ከመዘገበስ መዝገቡን ነዋሪው የት ያየዋል? አስፋልቱ ለብሷል፣ መብራቱ በርቷል። ያ ገጽ ተዘግቷል፣ ለማንበብ እንደገና መቆፈር ሊያስፈልግ ነው።

ሌላው ዓለም ይህን በሕግ ፈትቶታል። ጣሊያን ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ30 ሜትር በላይ የሚቆፍር ሁሉ ያገኘውን ለመንግሥት እንዲያሳውቅ ሕግ አላት። ሆላንድ በ2018 ባወጣችው ሥርዓት የከርሰ ምድር መረጃ በአንድ ብሔራዊ መዝገብ ይገባል፣ ማንም ከፍቶ ያየዋል። የእንግሊዞች የጂኦሎጂ ተቋም ከአንድ ሚሊዮን በላይ የጉድጓድ መዝገቦች አሉት፤ ብዙዎቹን ማንም ሰው ከቤቱ ሆኖ ያነባቸዋል። በጉድጓዱ የከፈለው ግለሰብ ነው፣ እውቀቱ ግን የአገር ነው የሚለውን አንድ ሐሳብ ወስደው ነው እዚህ የደረሱት።

ያረጁ ከተሞች ከዚህ ምን እንደሚያተርፉ ለማየት ሮም ትበቃለች። የኮሎሲየሙን ፎቶ ያላየ የለም፤ በአንድ በኩል ውጫዊ ግድግዳው እስከ ላይ ቆሟል፣ በሌላው በኩል የለም። ብዙ ሰው የሚያስበው ሰው ድንጋዩን ለቤትና ለቤተ ክርስቲያን ነቅሎ ስለወሰደው ነው ብሎ ነው። መውሰዱስ ወስዷል። ነገር ግን በ1990ዎቹ ተመራማሪዎች ከሥሩ ያለውን መሬት ሲያጠኑ፣ ግድግዳው የወደቀበት ወገን የቆመው በደለል በተሞላ የጥንት ወንዝ ሸለቆ ላይ መሆኑን፣ የቆመው ወገን ደግሞ ጠንካራ መሬት ላይ መሆኑን አገኙ። አንድ ሕንፃ፣ አንድ ግንበኛ፣ አንድ መንቀጥቀጥ። ግማሹ ወደቀ፣ ግማሹ ቆመ።

ሮም የቆየ ታሪክ ነው ለሚል የቅርቡን ልንገረው። ጥቅምት 31 ቀን 2002 እ.ኤ.አ. በደቡብ ጣሊያን ሳን ጁሊያኖ ዲ ፑልያ በምትባል ትንሽ ከተማ ላይ፣ መጠኑ እኛን በታኅሣሥ ከቀሰቀሰን ጋር የሚቀራረብ መንቀጥቀጥ መጣ። የትምህርት ቤቱ ሕንፃ በልጆቹ ላይ ወደቀ፤ 27 ልጆችና አንዲት መምህርት ሞቱ። ሕንፃው ላይ ተጨማሪ ፎቅ ተሠርቶበት ነበር፣ የግንባታው ጥፋት አይካድም። ከዚያ በኋላ ግን ባለሙያዎች ከተማዋን ዞረው ሲመለከቱ፣ በዓለት ላይ የተመሠረተው የመካከለኛው ዘመን መንደር ከአዲሱ ሰፈር ይልቅ ችሎ ቆሞ አገኙት። አዲሱ ሰፈር፣ ትምህርት ቤቱም ጭምር፣ በሸክላ አፈር ላይ ነበር። ጣሊያኖች ከዚህና በ2009 ላኩዊላን ካወደመው አደጋ በኋላ የየከተማውን መሬት በጥቃቅን ክልል ከፋፍሎ ለማጥናት መንግሥታዊ ገንዘብ መደቡ። ከሐዘን በኋላ የመጣ ጥበብ ነው። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ፤ እኛ ድስቱ ገና አልተጣደም።

ለዚህ የሚሰጡትን ሰበቦች አውቃቸዋለሁ።

የመጀመሪያው «ሕዝብ ይሸበራል» ነው። ሕዝቡ መስከረም ላይ ተሸብሮ ነበር፣ ያለ ካርታ። ያሸበረው አለማወቁ ነው። የትኛው ሜዳ ለመሰብሰቢያ ይሻላል፣ የትኛው ትምህርት ቤት ቀድሞ መፈተሽ አለበት የሚለውን የሚያውቅ ሰፈር በማኅበራዊ ሚዲያ ወሬ ሌሊቱን ደጅ አያድርም።

ሁለተኛው ጎላ ብሎ አይነገርም፤ የመሬት ዋጋ ነው። «ሰፈራችን ቀይ ከተቀባ ማን ይገዛናል?» እዚህ ላይ ሐቁን እንነጋገር። ካርታው መሬቱን ልል አያደርገውም፤ ልልነቱን ማን አውቆ ማን ሳያውቅ እንደሚገዛ ነው የሚወስነው። ዛሬ ሻጩ የሚያውቅ፣ ገዢው የማያውቅበት ገበያ ነው ያለው። የሃያ ዓመት ቁጠባውን ለኮንዶሚኒየም የከፈለ አባት የቆመበትን መሬት የማወቅ መብት የለውም ማለት ነው? ደግሞም ካርታው ክልከላ አይደለም። በልል መሬት ላይም ይሠራል፤ መሠረቱ ይጠልቃል፣ ቁመቱ ይመጠናል፣ ፌሮው በልኩ ይሆናል። ሳይታወቅ የተሠራው ነው የሚያስፈራው።

ሦስተኛው «ገንዘብ የለም» ነው። የአፈርን ጥንካሬ ለመለካት የሚያስፈልገው ሁሉ ውድ አይደለም። አንዱ ዘዴ መዶሻ፣ የብረት ሳህንና በመስመር የተደረደሩ ማዳመጫዎች ናቸው፤ መሬቱ ይመታል፣ ሞገዱ የተጓዘበት ጊዜ ይለካል። ሌላው በእጅ የሚያዝ አንድ መሣሪያ መሬት ላይ አስቀምጦ የከተማዋን የዘወትር ንዝረት፣ የመኪናውን፣ የነፋሱን፣ ለግማሽ ሰዓት ያህል ማዳመጥ ነው። ለዚህ የሚሆኑ ወጣት ባለሙያዎችን ዩኒቨርሲቲዎቻችን በየዓመቱ ያስመርቃሉ። ውዱ ክፍል ቁፋሮው ነው፣ እሱ ደግሞ ተከፍሎበታል።

አራተኛው «ኮድ አለን» ነው። አለን፣ ጥሩም ነው። የ1995 እ.ኤ.አ. ኮድ በ100 ዓመት አንዴ ይደርሳል የሚባለውን መንቀጥቀጥ ነበር የሚያሰላው፤ የ2015ቱ በ475 ዓመት አንዴ የሚጠበቀውን ያሰላል። አዲሱ ኮድ መሬትን እንደ ጥንካሬው በፊደል ይመድባል፣ መሐንዲሱም የሚሠራበት መሬት በየትኛው ምድብ እንደሚወድቅ እንዲያውቅ ይጠይቃል። እንግዲህ ኮዱ ራሱ የሚጠይቀው ያንን ነው፤ ከላይ ያለው 30 ሜትር ምንድን ነው? ካርታ የሌለው ኮድ አድራሻ የሌለው ደብዳቤ ነው። የሲሚንቶውን ስርቆት፣ የፌሮውን መሳሳት ካርታ አያድንም፤ ልክ ነው። ነገር ግን ተቆጣጣሪው ጥቂት፣ ሳይቱ ብዙ በሆነበት ከተማ መጀመሪያ የት ሄዶ ይፈትሽ? ልል መሬት ላይ የቆመውን ረጅም ፎቅ ነው። ያንን የሚነግረው ካርታው ነው።

ስለ ቅርሶቻችንም እንዲሁ። የጊዮርጊስ ካቴድራል፣ የራስ መኮንን ድልድይ፣ የፒያሳ የቀሩት የድንጋይና የእንጨት ቤቶች ሲጠገኑ ቀለሙና ጣሪያው ይታያል፤ ከሥር ያለው መሬት አይታይም። ጎንደርን አስቡ፤ የታላቁ ኢያሱ ቤተ መንግሥት በ1704 እ.ኤ.አ. በመንቀጥቀጥ ተጎድቷል። ከ300 ዓመት በፊት ይህን ያየ ግቢ ውስጥ ዛሬ ሲጠገን፣ የትኛው ግንብ ዓለት ላይ፣ የትኛው ሙሊት ላይ እንደቆመ ሳያውቁ ድንጋይ በድንጋይ ላይ መደርደር ቅርሱን ለቀጣዩ መንቀጥቀጥ ማስዋብ ነው።

የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው አካል የሶይል ቴስቱን ሪፖርት በዲጂታል ቅጂ ሳይቀበል ፈቃድ አይስጥ፤ ቅጂውም ወደ አንድ የጋራ መዝገብ ይግባ። በመደርደሪያ ላይ ያሉት የቆዩ ሪፖርቶችም ተለቅመው ይግቡ፤ ለዚህ ጥቂት ወጣቶችና ስካነር ይበቃል። ሁለተኛ፣ ጂኦሎጂካል ሰርቬዩ፣ የዩኒቨርሲቲው የጂኦፊዚክስ ተቋምና ከተማው ቁጭ ብለው ከዚያ መዝገብ የሰፈር ካርታ ያውጡ፤ በትምህርት ቤቶች፣ በሆስፒታሎችና በቅርሶች ይጀምሩ። ሦስተኛ፣ ካርታው ይታተም፤ ቤት የሚገዛ ሰው በስልኩ ከፍቶ ይየው። የተደበቀ ካርታ ከሌለ ካርታ የሚለየው የሚጠየቅበት ሰው በመኖሩ ብቻ ነው።

ፈንታሌ መቼ እንደገና እንደሚነሣ የሚነግረን የለም፤ ቀን ቆርጦ የሚናገር ካለ አትስሙት። የምንቆምበት መሬት ግን ቦታውን ለቅቆ አይሄድም። ሊለካ ይችላል፣ በብዙ ቦታም ተለክቷል። ቤት የምትሠሩ፣ ቤት የምትገዙ፣ ልጃችሁን ፎቅ ትምህርት ቤት የምትልኩ ሰዎች ሁሉ ነገ ወደ ክፍለ ከተማው ስትሄዱ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፤ «እዚህ ሰፈር የተቆፈረው ጉድጓድ ሪፖርት የት ነው?» በሉ። ሦስት አራት ሰው ሲጠይቅ ዝም ይባላል። ሦስት አራት ሺህ ሰው ሲጠይቅ ግን ቁልፉ ይፈለጋል።